ሁለቷ ብር ከየት መጣች?

ከአሰላ ወደ አዳማ የሚወርደውን መንገድ የማያውቅ አንባቢ ካለ በአጭሩ ልግለጽለት። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ የጭላሎን ተራራ ተደግፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። አዳማ ደግሞ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው ርቀት 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ስንዴ የጫነ መኪና በቁሉምሳ አድርጎ፣ ኢተያን አልፎ፣ ዴራን አቋርጦ አዳማ እስኪገባ ድረስ 800 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። አቀበት የሚፈትነው ሞተርን ነው፤ ቁልቁለት የሚፈትነው ግን ፍሬንን ነው። ፍሬን ደግሞ እንደ ሕሊና ነው፤ እስኪፈተን ድረስ መኖር አለመኖሩን ባለቤቱም አያውቀውም።

የዛሬው ጽሑፌ ግን ስለ መኪና አይደለም፤ ስለ አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን የጠየቁኝ ፊደል ያልቆጠሩ አንድ የአርሲ ሽማግሌ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ የእሳቸውን ያህል አጥንቴ ውስጥ የገባ ጥያቄ ግን አላገኘሁም።

ነገሩ የሆነው በ1996 ዓ.ም. ነው። መምህርነቴን ትቼ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንዲት ያገለገለች አይሱዙ የጭነት መኪና ገዝተን ነበር። የምትጭነው 50 ኩንታል ነው። አንድ የልጅነት ባልንጀራዬም በዚያው ሰሞን እንደኛው ባለአይሱዙ ሆነ። ዕቁባችን አንድ ነበር፤ የመኪናዎቻችን መካኒክ እንኳ አንድ ነበር። በዚያ መኸር አንድ ትልቅ የግል ድርጅት (ስሙ ለዚህ ጨዋታ አይፈይድም) ካካባቢያችን የገዛውን ስንዴ ወደ አዲስ አበባ የሚያጓጉዙለትን ባለመኪናዎች በውል ሊይዝ ፈለገ። ድርጅቱ የራሱ መኪኖች ነበሩት። ይሁንና የራሱን ሹፌር ደመወዝና አበል ከመክፈል ይልቅ ባለ አንድ መኪናውን በውል ማሠራቱ እንደሚረክስለት አስልቶ ደርሶበታል። ዋጋችንን ጽፈን በፖስታ እንድናስገባ ተነገረን።

ማታውን ከባልንጀራዬ ጋር ቡና ይዘን ተቀመጥን። «በኩንታል ከ12 ብር በታች አያዋጣም። እኔ 12 ነው የምጽፈው፤ አንተም ከዚያ አትውረድ» አለኝ። «ልክ ነህ» አልኩት። ቤቴ ስገባ ግን የባንኩ ዕዳ ታየኝ፤ የልጆቼ ትምህርት ቤት ታየኝ። ደግሞም እሱ ራሱ ይህን ተናግሮኝ ሲያበቃ 11 ቢጽፍስ ብዬ ጠረጠርኩ። ጅብ ከሚበላህ ጅብ በልተህ ተቀደስ ይባል የለ? በማግሥቱ ባስገባሁት ፖስታ ውስጥ የተጻፈው 10 ብር ነበር። ውሉን ያዝን። ባልንጀራዬ 12 ብሎ ነበር የጻፈው፤ ቃሉን ጠብቋል። ያንን ዓመት እዚህም እዚያም ሲንከራተት ቆይቶ መኪናውን በኪሳራ ሸጠ።

እዚህ ላይ ሒሳብ ልሥራ። 50 ኩንታል በ12 ብር 600 ብር ነው። 50 ኩንታል በ10 ብር ደግሞ 500 ብር። ነዳጁ ያው ነው፤ መንገዱ ያው ነው። የጎደለችውን 100 ብር ማምጣት ነበረብን። መላው አልጠፋንም። 60 ኩንታል በ10 ብር ሲሰላ መልሶ 600 ብር ይሆናል። ስለዚህ 60 መጫን ጀመርን። የፍሬን ሸራ የሚቀየርበትን ጊዜ ገፋ አደረግነው። በሳምንት ሦስት የነበረውን ምልልስ አራት አደረግነው፤ ይህም ማለት ሹፌሩና ረዳቱ አንዱን ሌሊት ሳይተኙ ያድራሉ ማለት ነው።

በአምስተኛው ወር፣ አንድ ንጋት ላይ፣ ከኢተያ በታች ፍሬኑ እምቢ አለ። ሹፌሩ ልምድ ያለው ሰው ስለነበር መኪናዋን ከአስፋልቱ አውጥቶ ገለባው ገና ያልተነሣ ማሳ ውስጥ ከተታት። ነፍስ አልጠፋም። ነገር ግን ረዳቱ፣ የ18 ዓመት ልጅ፣ ከላይ ከጭነቱ ላይ ተኝቶ ነበርና ወድቆ አንድ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ዛሬ አዋቂ ሰው ነው፤ እስካሁንም ሲራመድ ያነክሳል።

ከአደጋው በኋላ የሆነውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ለልጁ ማሳከሚያ እንዲያግዘን ወደ ድርጅቱ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰው ትሑት ነበር። አዝኖም ነበር። «እኛ ውል ያለን ከባለመኪናው ጋር ነው፤ ሠራተኛችሁን አናውቀውም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ውሉ እንደዚያ ይላል። ተናድጄ ወጣሁ። ትልቅ ሆኖ ሳለ እንዴት እንደዚህ ይላል እያልኩ መንገዱን ሙሉ ረገምኩት። በሦስተኛው ቀን የልጁ እናት ቤቴ መጣች። እኔስ ምን ያልኳት ይመስላችኋል? «እናቴ፣ ረዳት የሚቀጥረው እኮ ሹፌሩ ነው፤ እኔ ልጅሽን አላውቀውም ነበር» አልኳት። ይህም እውነት ነው፤ በአገራችን ልማድ ረዳቱን የሚመርጠውም የሚከፍለውም አብዛኛውን ጊዜ ሹፌሩ ነው። ሴትዮዋ አንድ ቃል አልመለሰችልኝም። ሽማግሌ ላከችብኝ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እኔ አስረዳሁ። ጥፋቱ የድርጅቱ ነው፤ እኛን ትንንሾቹን እርስ በርስ አባልቶ ዋጋ ያስወረደን እሱ ነው አልኩ። ከመካከላቸው ዝም ብለው ያዳምጡ የነበሩት አንዱ አዛውንት ቀና ብለው፣ «ስንት ቀነስክ?» አሉኝ።

«ሁለት ብር» አልኳቸው።

«ሁለቷ ብር ከየት መጣች?»

ከትርፌ ነው ብዬ ልመልስ ነበር። ነገር ግን ከትርፌ አልነበረችም። እኔ ያንን ዓመት እንደ ድሮው በልቼ፣ እንደ ድሮው ለብሼ፣ ዕቁቤንም ጥዬ ነው የከረምኩት። ሁለቷ ብር የመጣችው ከልጁ እንቅልፍና ከእግሩ ነበር። ዝም አልኩ። ሽማግሌው ጥያቄያቸውን አልደገሙትም።

ይህ በአንድ ወረዳ የደረሰ ትንሽ ነገር ይመስላል። በኋላ ሳነብ ግን፣ የሰማዩም መንገድ እንደዚሁ መሆኑን ተረዳሁ። በአሜሪካ ትልልቆቹ አየር መንገዶች አጫጭሩን በረራ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው አያበሩትም። ትንንሽ ኩባንያዎችን በውል ያሠራሉ። አውሮፕላኑ የሚቀባው የትልቁን ቀለም ነው። ቲኬቱን የሚሸጠው፣ የበረራውን ሰዓት የሚወስነው ትልቁ ነው። ትንሹ አብራሪና አስተናጋጅ ይዞ ይቀርብና ለበረረው ልክ ይከፈለዋል። ውሉ ሲያልቅ ትንንሾቹ እንደገና ይሰለፋሉ፤ ይበልጥ የረከሰው ይመረጣል። ነዳጁን በአብዛኛው ትልቁ ይሸፍነዋል፤ የአውሮፕላኑም ዋጋ ለሁሉም ተቀራራቢ ነው። ታዲያ ትንሹ ከየት ይቀንስ? በአመዛኙ የሚቀረው የሰው ጉልበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ በረራውን ሁሉ ባደረቀው ጊዜ ዩናይትድ ለተባለው ትልቅ አየር መንገድ ባለ 50 መቀመጫ ጄቶቹን ከሚያበሩለት ትንንሽ ኩባንያዎች መካከል ሁለቱ ኤክስፕረስ ጄትና ኮሚዩት ኤር ነበሩ። በሁለቱም ውስጥ ዩናይትድ ራሱ የአክሲዮን ድርሻ ነበረው። ሥራው ለሁለት የማይበቃ ሲሆን ሐምሌ ላይ ኮሚዩት ኤርን መረጠ። ኤክስፕረስ ጄት በመስከረም መጨረሻ በረራውን አቆመ። በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ስም፣ በራሱ ቲኬት ሊነሣ ሞከረ፤ በ2022 ግን የኪሳራ ጥበቃ ለመጠየቅ ተገደደ። ይህን ሳነብ ባልንጀራዬ ትዝ አለኝ።

ከዚህ የከበደው ደግሞ የካቲት 2009 ላይ የደረሰው ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የወሩ 12ኛ ቀን ማታ፣ ከኒውዋርክ ወደ ቡፋሎ ይበር የነበረ አንድ አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ ወደቀ። ውስጡ የነበሩት 49 ሰዎችና በወደቀበት ቤት የነበረ አንድ ሰው፣ በድምሩ 50 ነፍስ ጠፋ። ተሳፋሪዎቹ የገዙት የኮንቲኔንታልን ስም የያዘ ቲኬት ነበር። የሚያበረው ግን ኮልጋን የሚባል የውል ኩባንያ ነበር። መርማሪዎቹ ዋናውን ምክንያት ያደረጉት የካፒቴኑን ስሕተት ነው፤ የአብራሪዎቹ ድካምም ሳይነሣ አላለፈም። ረዳት አብራሪዋ የ24 ዓመት ወጣት ነበረች። የዓመት ደመወዟ ከ25,000 ዶላር በታች ነበር። የምትኖረው ከአገሩ ሌላ ጫፍ፣ ከሲያትል አካባቢ ስለነበር፣ ሥራዋ ላይ ለመድረስ ሌሊቱን በሌሎች አውሮፕላኖች ስትጓዝ አድራ፣ ጉንፋንም ይዟት፣ የሠራተኞች ማረፊያ ወንበር ላይ ነበር ጥቂት ያረፈችው።

ረዳት አብራሪ። የኛም ልጅ ረዳት ነበር። አማርኛችን ለሁለቱም የሰጠው ስም አንድ ነው። ሁለቱም የጎደላቸው እንቅልፍ ነው። ከሁለቱም በላይ የተቀመጠው ሰው፣ ያ እንቅልፍ በዋጋ ማቅረቢያው ውስጥ መኖሩን አላየም፤ ወይም አይቶ እንዳላየ ሆኗል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንምጣ። ትንንሾች የትልቁን ሥራ ለመያዝ ሲሻሙ፣ ሽሚያውም ሰው ሲጎዳ፣ በደለኛው ማን ነው?

ብዙ ሰዎች የሚሰጡት አንደኛው መልስ «ማንም አይደለም፤ ገበያ ነው» የሚለው ነው። ማንም ማንንም አላስገደደም። ዋጋ ሲወርድ ዱቄት ይረክሳል፤ ቲኬት ይረክሳል፤ ሕዝብ ይጠቀማል። ይህ መልስ ግማሽ እውነት አለው። አንድ ባለመኪና ስንዴ አድርሶ ሲመለስ ባዶውን ከመምጣት ይልቅ ሲሚንቶ ወይም ማዳበሪያ የሚጭንበትን መላ ቢያገኝና በዚህ ምክንያት ሁለት ብር ቢቀንስ፣ ማን ይወቅሰዋል? ይመሰገናል እንጂ። የሱ ሁለት ብር የመጣችው ከብልኀቱ ነው። ትርፉን ቆርሶ የቀነሰም እንዲሁ የራሱን ነው የሰጠው። የሽማግሌው ጥያቄ ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። «ለምን ቀነስክ?» አላሉኝም፤ መቀነስ ኃጢአት አይደለምና። «ከየት አመጣኸው?» ነው ያሉኝ። የራሱን የቀነሰ ነጋዴ ነው። እጠረጴዛው ዙሪያ ካልተቀመጠ፣ ካልተጠየቀና ካልተስማማ ሰው ላይ ቆርሶ የቀነሰ ግን የራሱ ያልሆነውን ሸጧል። የራስ ያልሆነን መሸጥ በየትኛውም አገር ስሙ አንድ ነው።

ሁለተኛው መልስ «በደለኛው ትልቁ ነው» የሚለው ነው። እኔም ለሽማግሌዎቹ ያልኩት ይህንን ነው። ይህም ቢሆን ግማሽ እውነት አለው። ትልቁ ዋጋው እስከምን ሊወርድ እንደሚችል ከማናችንም በላይ ያውቃል። የራሱ መኪኖች አሉት፤ በ10 ብር የሚጫን 50 ኩንታል እንደማያዋጣ ሒሳቡ በእጁ ነው። ያንን እያወቀ 10 ብር የሚለውን ፖስታ ሲመርጥ፣ የገዛው ማጓጓዣ ብቻ አይደለም፤ «አላየሁም» ለማለት የሚያስችለውን መብትም አብሮ ገዝቷል። ውሉ ለሱ እንደ መጋረጃ ነው። ጭነቱ ያልፋል፤ ነውሩ መጋረጃው ላይ ይቀራል።

ሆኖም ይህ መልስ ለኔ የማይሆንበት ምክንያት አለ። እኔ ለድርጅቱ ትንሽ ብሆንም ለሹፌሩ ትልቅ ነበርኩ። ሹፌሩም ለረዳቱ ትልቅ ነበር። ድርጅቱ ለኔ ያለኝን ቃል እኔ ሳልጨምርና ሳልቀንስ ለዚያች እናት መለስኩት። «ውሌ ካንቺ ልጅ ጋር አይደለም» ማለት በየደረጃው እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርድና ከታቹ የሚቀር ሰው ላይ ይጠራቀማል። ትልቁን የሚወቅስ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ዞር ብሎ ከበታቹ ማን እንዳለ ይመልከት። ትልቅነት ከላይ ሆኖ የሚታይ አይደለም፤ የሚያውቀው ከታች ያለው ነው።

ይህ የመሻማት ነገር ለአርሲ ደጋ አዲስ አይደለም። አባቴ እንደሚነግረኝ፣ በጭሰኝነት ዘመን ባላባቱ መሬቱን የሚሰጠው የተሻለ ለሚገብር ነበር። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ሄዶ «እኔ እጨምራለሁ» ሲል፣ የሲሶ የነበረው የእኩል ይሆናል፤ ከእኩሉም በላይ ማሩና ሙክቱ ይጨመራል። ባላባቱ አፉን መክፈት እንኳ አያስፈልገውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ስምምነት ካዱ የተባለውን የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ሲያቋቁም፣ ዓላማው ትንሹን ገበሬ ማሳደግ ነበር። ምርጥ ዘሩና ማዳበሪያው መሬቱን ይበልጥ አዋጪ ባደረገው ጊዜ ግን ብዙ ባለርስቶች በትራክተር ማረስን መረጡና ብዙ ጭሰኞች ተፈናቀሉ። የቀሩት ደግሞ ለቀረችው መሬት ይበልጥ ተሻሙ። ያንን ሽሚያ የሻረው የባላባቱ ርኅራኄ አይደለም፤ የጭሰኛውም ትሕትና አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አዋጁ በኋላ ካመጣው ከሌላው ጣጣ ጋር፣ ማለቴ ነው። ጭሰኝነት በቀረበት አገር የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ጥሎ፣ ዋጋውን ራሱ ቆርጦ ይገዛ የጀመረው ብዙም ሳይቆይ ነው። ኮታው እስከ 1982 ዓ.ም. ቆየ። ገበሬው ከብዙ ባላባት በር ወደ አንድ በር ተዛወረ።

ከዚህ የምማረው ነገር አለ። የሰው ጠባይ ብቻ ሳይሆን የበሮቹም ቁጥር ሥነ ምግባርን ይወስናል። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲቋቋም ለረጅም ዘመን የብቅል ገብስ ገበሬ የሚያንኳኳው ትልቅ በር እሱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ሔኒከን በ2011 የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች ገዛ፤ ዲያጆ በ2012 ሜታ አቦን ገዛ፤ ከ2020 ወዲህ ደግሞ ሱፍሌና ቦርትማልት የተባሉ የአውሮፓ ኩባንያዎች የየራሳቸውን የብቅል ፋብሪካ እዚሁ አገር አቆሙ። በሮቹ ሲበዙ መንኮራኩሩ ዞረ፤ ገዢዎች የአርሲን ገብስ ይሻሙ ጀመር። አሁን ደግሞ የምንሰማው ተገላቢጦሹን ነው፤ ዘር በብድር ወስዶ፣ ውል ፈርሞ፣ አጨዳ ሲደርስ መንገድ ላይ ለቆመው ነጋዴ ጥቂት ብር ጨምሮለት የሚሸጥ ገበሬ አለ። እንግዲህ ገበሬውም ቢሆን ይጠየቅ፦ ያቺ የተጨመረች ብር ከየት መጣች? ዘሩን ካበደረው ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ማለትም ከጎረቤቱ ኪስ ከሆነ፣ እሱም እንደኔው ነው። ድኻ መሆን ከጥያቄው ነጻ አያወጣም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ከባድ ተቃውሞ ይገባኛል። «አንተ ባትቀንስ ሌላው ይቀንሳል። ልጁ ያው ይሰበራል፤ ልዩነቱ ያንተ ልጆች ጦማቸውን ማደራቸው ብቻ ነው» ይሉኛል። ይህን ክርክር አልንቀውም፤ በዚያች ሌሊት እኔን ያሸነፈኝ እሱ ነውና። ግን ሁለት ነገር አለበት። አንደኛ፣ ባልንጀራዬ 12 ጻፈ። «ሌላው ይቀንሳል» ያልኩት ሌላው፣ አልቀነሰም ነበር። ሌላው የተባለው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። በየቤቱ «ሌላው» የምንለው ሰው በየቤቱ «ሌላው» ብሎ የሚፈራን ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ችግር ጥፋትን ያቀልላል እንጂ አያጠፋም። አንድ ሰው ብቻውን ከወረደው ዋጋ በላይ መቆም ካልቻለ፣ ግዴታው አይቀርም፤ መልኩን ይለውጣል። ብቻህን ማድረግ የማትችለውን ከሌሎች ጋር ሆነህ የምታደርግበትን መንገድ መፈለግ ይሆናል ግዴታህ።

ይህንን ደግሞ የምናውቀው ሕዝብ ነን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን ያደግን ነን። ዕድር ሬሳ የሚያነሣው ቀባሪ ስለሌለ አይደለም፤ ማንም ብቻውን እንዳይቀር ነው። ታዲያ እኔና ባልንጀራዬ ለዕቁብ የታመንን ሰዎች ለአንዲት ፖስታ እንዴት አልታመንም? ሌሎቹን ባለአይሱዙዎች ጠርተን፣ «ከ50 ኩንታል በላይ አይጫንም፤ ሌሊት አይነዳም፤ ፍሬን በየወሩ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ብልኀታችን እንወዳደር» ብንል ማን ይከለክለን ነበር? ውድድሩ አይቀርም ነበር። ወለል ይኖረው ነበር እንጂ።

ወለል ስል ድሮ የነበረው የስምሪት ወረፋ ይመለስ ማለቴ አይደለም። በደርግ ዘመን የጭነት ታሪፍም ስምሪትም በመንግሥት እጅ ነበር። ዋጋ ሰባሪ አልነበረም፤ ነገር ግን ጎበዙም ሰነፉም ተራውን ጠብቆ እኩል ይጭናል፤ ተራውንም ጉቦ ይሰብረው ነበር። ሽሚያን መሻር አንድ ነገር ነው፤ ሽሚያ ሰው እንዳይበላ ማጠር ሌላ ነው። አሜሪካኖቹ ከቡፋሎው አደጋ በኋላ በ2010 ያወጡት ሕግ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል። የውል በረራን አልከለከለም። ረዳት አብራሪ ለመሆን የሚያስፈልገውን የበረራ ልምድ ወደ 1,500 ሰዓት ከፍ አደረገው። ደግሞም ቲኬት የሚሸጥበት ገጽ ሁሉ አውሮፕላኑን በእርግጥ የሚያበረው ማን እንደሆነ ለገዢው እንዲያሳይ አዘዘ። አንደኛው ወለል ነው፤ ሁለተኛው መጋረጃውን መግለጥ ነው። የተጎጂዎቹ ቤተሰቦች ከዓመት በላይ በምክር ቤቱ ደጅ ባይጸኑ ኖሮ ግን አይገኝም ነበር።

ውል በራሱ ክፉ ነው እንዳይባልብኝም እፈራለሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲመሠረት ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ውል ነው። በ1946 የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ነገር ግን ያ ውል ውስጡ ማስተማር ነበረበት። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ያ የትናንት ተማሪ ዛሬ በተራው ትልቅ ነው፤ በ2010 በረራ የጀመረው የቶጎው አስካይ ሲቋቋም ባለድርሻም አስተዳዳሪም ሆኖ ገብቷል። ስለዚህ ውልን የምመዝንበት አንድ ሚዛን አግኝቻለሁ፦ ትንሹ ውሉን ሲጨርስ ከጀመረበት ይበልጥ የሚያውቅ፣ ይበልጥ የቆመ ነው ወይስ ሌላ ትንሽ እስኪተካው ድረስ የሚጨመቅ ሎሚ ነው?

አርሲ የሯጮች አገር ናት። እዚህ ተወልዶ ስለ ውድድር መጥፎ ነገር መጻፍ ያስቸግራል። ነገር ግን እሽቅድምድም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወደ ላይ ነው። የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ10 ሺሕ ሜትር የቀደመው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በማይሞላ ጊዜ ነው። ሁለቱም ብቻቸውን ቢሮጡ የማይደርሱበት ላይ ተጎታትተው ደረሱ። የተሸነፈውም በዚያ ምክንያት ትልቅ ነው። ሌላው እሽቅድምድም ወደ ታች ነው፤ አሸናፊውም ተሸናፊውም ከጀመሩበት ዝቅ ብለው የሚገኙበት። የኔና የባልንጀራዬ ይኸኛው ነበር።

የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ2009 የኒው ዮርክ ማራቶንን ስታሸንፍ፣ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረችው ፓውላ ራድክሊፍ ውድድሩ መካከል ስትዳከም ደራርቱ ዞር ብላ፣ ፍጥነቷን ገታ አድርጋ እንዳበረታታቻት ብዙ ተጽፏል። ከዚያ ሄዳ አሸነፈች። ከዚህ ታሪክ የሚገርመኝ ደግነቷ ብቻ አይደለም። ባልንጀራዋን ማየቷ ድሏን አለመቀነሱ ነው።

ሽማግሌዎቹ በኔ ላይ የፈረዱት ካሣ ከባድ አልነበረም፤ የሕክምናውን ወጪና ልጁ እስኪድን ድረስ ለቤተሰቡ ቀለብ። ከፈልኩ። በኋላ መኪናዋን ሸጠን ዕዳችንን ዘጋን፤ እኔም ወደ ጠመኔዬ ተመለስኩ። ለባልንጀራዬ ግን ማንም ካሣ አልፈረደለትም፤ እሱም አልጠየቀም። ልጁ ተኝቶ በነበረ ጊዜ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጥቶ በር ላይ ተገናኘን። ሰላም አለኝ። ስለ ፖስታው አላነሣም። እስከ ዛሬም አላነሣም።

አሁን አሰላ ስሄድ አንዳንዴ ከመንገዱ ዳር ቆሜ ቁልቁል የሚወርዱትን የጭነት መኪኖች አያለሁ። ስንዴ የጫኑ አሉ፤ ገብስ የጫኑ አሉ። በአንዳንዱ ጭነት ላይ አንድ ወጣት ነጠላውን ተከናንቦ ተኝቷል። የመኪናው ባለቤት ማን ይሁን፣ ውሉ ከማን ጋር ይሁን፣ ከበሩ ላይ የተጻፈው ስም የማን ይሁን አላውቅም። የማውቀው ያ ልጅ በውሉ ውስጥ ስሙ አለመኖሩን ነው። ርካሽ ነገር በገዛሁ ቁጥር፣ ዱቄትም ይሁን ቲኬት፣ ያ የሽማግሌው ድምፅ ይመጣብኛል። አንባቢ ሆይ፣ አንተንም ይምጣብህ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።